ንስሐ በካሜራ ፊት

እትዬ ፋንታዬ ደባርቅ ከተማ፣ ግቢያቸውን አከራይተው፣ በዋናው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በክረምቱ ጭቃ አዳልጧቸው ጉልበታቸው ከተጎዳ ወዲህ ከግቢያቸው አይወጡም። አንድ ልጃቸው ያርጋል የሚሠራው ባሕር ዳር ነው። እናቴ ወድቃ ሳላውቅ እንዳትቀር ብሎ መጣና ከአልጋቸው ፊት ለፊት ካሜራ ሰቀለ። «ከእንግዲህ ብቻሽን አይደለሽም፤ በስልኬ አይሻለሁ፣ ድምፅሽንም እሰማለሁ» ብሏቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ መደወሉን እርግፍ አድርጎ ተወው። እያያቸው ምን ሊደውል!

እትዬ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ካሜራው ቀና ብለው «እንዴት አደርክ ልጄ?» ይሉታል። መልስ የለም። ልብስ ለመቀየር በገዛ ቤታቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ይደበቃሉ። እንባ ሲመጣባቸውም ወደ ግድግዳው ይዞራሉ።

ፍልሰታ ሲቃረብ መቁረብ አማራቸው። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ገብርኤል እንደ ልማዳቸው ቤት ድረስ መጡ። መስቀል አሳልመው ከተቀመጡ በኋላ ቀና ሲሉ ካሜራውን አዩት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ ወለተ ሥላሴ?» አሉ በክርስትና ስማቸው ጠርተው።

«የያርጋል ነው አባ። ባሕር ዳር ሆኖ ያየኛል፣ ይሰማኛል።»

«ንስሐ የሚሰማ እግዚአብሔርና ካህን ነው። ያርጋል መቼ ቀሰሰ?»

እትዬ አፈሩ። ኃጢአታቸው ደግሞ የዚሁ የልጃቸው ነገር ነበር፤ ባዶ ቤት ጥሎኝ ሄደ ብለው ረግመውታል። ይኼን ሳይናዘዙ አይቆርቡም። ውጭ እንዳይወጡ ግቢው ተከራይ የሞላበት ነው። እያነከሱ ተነሡና ፎጣ በምርኩዛቸው አንሥተው ካሜራው ላይ ጣሉበት።

ገና «ይፍቱኝ አባቴ» ከማለታቸው ስልካቸው ጮኸ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ? ካሜራው ጨለመብኝ እኮ!»

ያ የናፈቁት ድምፅ ነው። «ደህና ነኝ የኔ ልጅ፣ አባ መጥተው ነው። አንተስ፣ እህል ቀመስክ?» አሉት። በልቻለሁ ብሎ ወዲያው ዘጋው።

አባ ኑዛዜውን ሰምተው ሲጨርሱ ቀኖና ሰጧቸው። ስግደቱን ጉልበታቸው ስለማይችለው፣ የረገሙትን ልጅ በየማታው እንዲመርቁት አዘዟቸው።

በማግሥቱ ማታ እትዬ ደውሎ ምርቃቱን በጆሮው ይስማው ብለው ፎጣውን እንደገና ጣሉበት። ስልኩ ጮኸ።

«ዛሬም አባ መጡ?»

«አልመጡም። ልመርቅህ ብዬ ነው። ካሰብክበት ያድርስህ፣ ክፉ አይይህ...»

«አሜን፣ አሜን። ሥራ ላይ ነኝ እማዬ፣ ፎጣውን አንሺልኝ።»

በሚቀጥለው ማታ ፎጣውን ጣል አደረጉና ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠበቁ። ያርጋል ነገሩን ለምዶታል፤ ስልኩም አልጮኸም። እትዬ ሆድ ባሳቸው። ብዙ ከቆዩ በኋላ ፎጣውን አወረዱት።

«ካልደወልክስ እንግዲህ እየኝ» አሉና ወደ ካሜራው ዞረው ምርቃቱን ጀመሩ።