ስምንቱ ሜጋ አንድ የሆነበት ሐሙስ

በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መታወቂያዬ ሌላ ይላል፤ እኔ የምጽፈው እናቴ የነገረችኝን ነው። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ትቻለሁ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ። ቁጥር ላይ ግን አልታማም።

ያኔ ቦዲቲ ያለው ቤታችን ኢንተርኔት ገብቶለት ነበር። ያስገባችው ልጄ ናት። ሽማግሌና አሮጊት እያነጋገረች የወላይትኛ ንግግር በድምፅና በምስል ትቀዳለች፤ የቀዳችውን በየሳምንቱ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ውጭ አገር ላለ ድርጅት ትልካለች። ቤቱ የሚኖረው በዚያ ሥራዋ ነው። ታዲያ ሁለት ዓርብ ተከታትሎ ዘገየባት። "አንዴ ከደገምሽው ውላችን ፈርሷል" ብለው ጻፉላት።

ዝርክርክ ሴት አይደለችም። ስሌቷን አሳይታኛለች። የሳምንቱ ሥራ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ሜጋ ነው። መስመሩ በሰከንድ ስምንት ሜጋ ነው፤ መስመሩን ሲያስገቡ የሰጡን ወረቀት ላይ ተጽፏል። ሲካፈል ሃያ ደቂቃ። እሷ አሥር ደቂቃ ጨምራ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ትጀምራለች። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ገና ሩቡ እንኳ አልሄደም።

"አባዬ፣ መስመሩ ተበላሽቷል" አለችኝ።

"አልተበላሸም፤ እየቀነሱብን ነው" አልኳት።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመት የቦኖ ውሃ ጠባቂ ነበርኩ። ውሃው ቀጠነ ሲሉኝ በወሬ አላምንም፤ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አስቀምጬ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በሰዓቴ እይዛለሁ። ባለ አምስት ሊትር ይዞ የመጣ ካለ አራቱን እንደ አንድ እቆጥራለሁ። እንዲህ ስለለመድኩ ሐሙስ ጠዋት "እስቲ አንድ ፋይል ላኪ" አልኳት። መቶ ሃያ ሜጋ የሆነ መረጠች። በስምንት ከሄደ አሥራ አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ሰዓቴን ያዝኩ፤ ሁለት ደቂቃ። ደገምን፤ ሁለት ደቂቃ። ሦስተኛውም ያው። የተበላሸ ነገር አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይቆማል። ይሄ ግን ቀጥ ብሎ በሰከንድ አንድ ሜጋ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሰባቱን ማን በላው?

"አባዬ፣ ሄደህ እንዳታዋርደኝ። እኔ እደውልላቸዋለሁ።"

"በስልክ ማን ይፈራሻል?" አልኩና ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወደ ሶዶ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መስመሩን ያስገቡልን ሰዎች ቢሮ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ ተቀምጣለች። ከስምንት አንዱ ብቻ እንደሚደርሰን፣ ሦስት ጊዜ እንደለካሁ ነገርኳት።

"በምን ለኩት አባባ?"

"በሰዓቴ።"

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ "አባባ፣ ኢንተርኔት እኮ የቦኖ ውሃ አይደለም" አለች። ቦኖ መጠበቄን ሳታውቅ ነው ያለችው።

"የሚፈስ ነገር ሁሉ ይለካል። የጻፋችሁት ስምንት፣ የሚደርሰን አንድ። ሳታስረጂኝ አልነሳም" ብዬ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛዋ ሳብኩ።

"ወረፋ ይልቀቁ እንጂ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ስለ ወረፋ ለእኔ አትንገረኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ወረፋ ያስያዝኩ ሰው ነኝ!"

ሴትዮዋ ተነፈሰችና ወረቀቴን ገለበጠችው። "ይመልከቱ። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በቢት ነው። ፋይል የሚለካው በባይት ነው። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ የመስመሩን ቁጥር ለስምንት ያካፍሉት። የእርስዎ ስምንት ሜጋቢት በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ይሆናል። መላኪያውም መቀበያውም እኩል ነው። ልክ ነው የለኩት።"

ተሰርቀናል ብዬ ነበር የመጣሁት፤ አልተሰረቅንም። በትንሹ መስፈሪያ ቆጥረው ሸጡልን፣ እኛ በትልቁ ሰፈርን፤ ይኸው ነው። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም፤ ዛሬም አልጠይቅም።

"ታዲያ ለምን አንድ ብላችሁ አትጽፉም?"

"የዓለም ሁሉ አለካክ እንዲህ ነው አባባ።"

"እኔ ዓለምን አልጠየቅኩም፤ ይቺን ወረቀት ነው የጠየቅኩት። አሁን ያልሽኝን ጻፊበት። ማህተምም አድርጊበት።"

"ማህተም ደግሞ ለምን?"

"ልጄ እኔን አታምንም፤ ማህተም ታምናለች።"

እየሳቀች ጻፈች፣ ማህተሙንም መታችው። የቅድሙ ሰውዬ "እኔስ? የእኔም አራት ይላል፤ ግማሽ ነው ማለት ነው?" ብሎ ወረቀቱን ሲዘረጋ ትቼው ወጣሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበች። ከዚያ አሰላች፤ ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ሰከንድ፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ፊቷ ተለወጠ። "ሁለቱንም ዓርብ የዘገየሁት በራሴ ነዋ!"

"በመስፈሪያው ነው" አልኳት።

"እንግዲህ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ብጀምር ይደርሳል።"

"መብራት ቢጠፋስ? አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምትጀምሪው።"

"አባዬ፣ በዚያ ሰዓት ማን ይነሳል?"

"እኔ።"

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቀሰቀስኳት። እያዛጋች ከፈተችው፤ የትኛውን እንደምጫን አሳየችኝና እኔው ተጫንኩት። ከዚያ ወንበሬን በሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ላይ የወንድሜ ሚስት እንደ ልማዷ በእኛ መስመር ቪዲዮ ልታይ ስልኳን ይዛ መጣች። እሷ ስታይ የእኛው ይቀጥናል። "ዛሬ የለም፤ ተመለሺ" አልኳት። ሥጋ ለሥጋ እየተከለካከልን ነው ወይ ብላ ተቆጥታ ሄደች። ትቆጣ። ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ልጄ ከውስጥ "ደረሰ!" ብላ ጮኸች፤ እኔ ግን ሰዓቴን ራሴ ሳላይ ከወንበሬ አልተነሳሁም።