ያልተበላው ዚንክ

ሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ «ጋሽ ዝገት» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ምናልባት እሱም ረስቶታል። የሚገርመው ግን በዚያ ከተማ እንደ እሱ ዝገትን የሚጠላ ሰው አልተፈጠረም። የሰው በር ሲጥ ሲጥ ሲል ከሰማ ማጠፊያውን ግራሶ ሳይቀባ አያልፍም፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ የተቀመጠበትን ወንበር ብሎን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ያሸታል። ዝገት ይሸታል ባይ ነው። ሰው ይስቅበታል፤ ሞተሩ የታመመ ለታ ግን ሁሉም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው።

ሥራው በባትሪ የሚሠሩ የጀልባ ሞተሮችን ከእርጥበት ማዳን ነው። «ከውጭ የሚመጣውን ውሃ የጎማ ቀለበት ይመልሰዋል፤ የሚያስፈራው ውስጥ የሚወለደው ነው» ይላል። እርጥብ ጠዋት ላይ የታሸገ ሞተር የዋጠው አየር ሲቀዘቅዝ ላብ ሆኖ በመዳብ ሽቦው ላይ ይወርዳልና። ስለዚህ የሚከፍተውን ሞተር ሁሉ ሁለት ቀን በአምፖል ሙቀት ያደርቃል፣ ጥቅልሉን ቫርኒሽ ያጠጣል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ያሽጋል። አንዲቷን የሥራ ክፍሉን ራሷን እንደ ሞተር አሽጓታል። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ደፍኖ፣ ከጫማ ሻጮች የለመናቸውን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች በየጥጉ በትኗል። እዚያ የገባ እንግዳ ከንፈሩን ሳይልስ አይወጣም።

ሐይቁ ጨዋማ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ብረት ሳይበላ አያድርም። ለዚህ ነው በየሞተሩ ላይ፣ ከፕሮፔለሩ አጠገብ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዚንክ የሚታሰረው። ውሃው ዚንኩን ይበላና ሞተሩን ይተዋል። ጋሽ ዝገት «የውሃው ድርሻ» ይለዋል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እየፈታ ያየዋል፤ ተበልቶ ካገኘው ደስ ይለዋል፣ ያለቀውንም ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ግድግዳው ሙሉውን እንደ ተጋጠ አጥንት በተቦረቦረ ዚንክ ተሞልቷል።

ከበሩ አጠገብ ግን ለብቻው፣ አንድ ያልተበላ ዚንክ ተሰቅሏል። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ምንድነው ብለው ሲጠይቁት «ለጌጥ ነው» ይልና ወሬ ይቀይራል።

ከሚስቱ ጀልባ ላይ የወረደ ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሱ ለሙያው አዲስ ነበር፤ ዝገትን የሚያጠፋው ቀለም ብቻ ይመስለው ነበር። ያገኘውን ብረት ሁሉ ሲቀባ ዚንኩንም ሁለት እጅ ቀባው። ቀለም የለበሰ ዚንክ ለውሃው እንደሌለ ነው፤ ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ሲያየው ጫፉ እንኳ አልተነካም። «ነይ እይው! ምንም አልተበላም! ውሃው ሞተርሽን ፈራው!» ብሎ ጠራት። እሷም እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንደ ልማዷ በአፍንጫዋ ሳቀች።

በዚያው ሳምንት መረቧን ይዛ ብቻዋን ወጣች። ንፋስ ተነሣ፣ ሞተሩ መሐል ሐይቅ ላይ ቆመ። ጀልባዋ በሦስተኛው ቀን ተገልብጣ ዳር ደረሰች፤ እሷ ግን አልመጣችም። ጋሽ ዝገት ሞተሩን ሲፈታ ሽፋኑ እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሮ፣ ውስጡ ውሃ ሞልቶ አገኘው። ያኔ ገባው። ለቀስተኛው ሁሉ «ንፋሱ ነው» ሲል እሱም «ንፋሱ ነው» አለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ልጁ የዚያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም ለማንም አልተናገረም። ያ ጥቁር ዚንክ ያልበዋል። ከንፈር በሚሰነጥቀው በዚያ ክፍል፣ ጠዋት ጠዋት ከታችኛው ጫፉ አንዲት የውሃ ጠብታ ተንጠልጥላ ያገኛል። መጀመሪያ ግድግዳው ነው ብሎ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየረለት፤ ጠብታዋም አብራው ዞረች። ቧንቧ ይሆናል እንዳይባል በዚያ ቤት ቧንቧ የሚባል ነገር የለም። አንድ ጊዜ ከነዚያ ከረጢቶች ጋር ቆርቆሮ ውስጥ አሽጎት ከረመ፤ ሲከፍተው ቆርቆሮው እስከ ወገቡ ውሃ ይዟል። በጣቱ ነክቶ ቀመሰው። ጨው ጨው አለው። መልሶ ሰቀለው፤ ከዚያ በኋላ ጠዋት እንደገባ ጠብታዋን በጣቱ ሳይጠርግ ሥራ አይጀምርም ነበር። መፍራቱን ይፈራል፣ ግን ለምዷታል።

ልጁ አደገችና፣ ምን ቢላት ቢሠራት፣ ጀልባ ነጂ ሆነች። ከማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሰው የምታሻግር እሷ ናት። ባሏ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም የሚቀባ፣ አማቱን ለማስደሰት የማይሆነው የሌለ ልጅ ነው።

ዘንድሮ ጋሽ ዝገት የዓይን ሞራውን ተገፈፈና ሁለት ወር ቤት ዋለ። ለአማቹ የልጅቱን ጀልባ እንዴት እንደሚንከባከብ በወረቀት ጻፈለት፤ ግራሶውን፣ የጎማ ቀለበቱን፣ በንጹሕ ውሃ ማጠቡን፣ ሁሉንም። ዚንኩ ጋ ሲደርስ «በየወሩ ይታይ» ብሎ ጻፈ። «ቀለም እንዳይነካው» ሊል እስክሪብቶውን አስጠግቶ ነበር። ያቺን ቃል ወረቀት ላይ ማየት አልቻለም፤ ይህንማ ማን ያጣዋል ብሎ ራሱን ሸነገለና አጠፈው።

ወደ ሥራው በተመለሰ ቀን፣ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ሲከፍት ጫማው ውሃ ረገጠ። ከጥቁሩ ዚንክ ሥር ውሃ ተኝቷል፤ ከዚያም ተነሥቶ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ወደ ደጁ፣ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ፀሐዩ ጠራራ ነበር። ጋሽ ዝገት ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆመ።

ከኋላው አማቹ እያፏጨ መጣ።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት ጋሽዬ! እኔማ የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ምን?»

«ጀልባዋን እንደ ሙሽራ አድርጌ ቀባኋት፣ ሞተሩንም ጭምር። የጻፉልኝንም አንድ አላጎደልኩ። ዚንኩን ዛሬ አየሁት፤ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልተበላም!»

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። አማቹ ፈገግ ብሎ ምስጋናውን ይጠብቃል። ጋሽ ዝገት የራሱን ድምፅ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በሌላ ሰው አፍ ሰማው።

«የት ናት?» አለ።

«መነሻው ላይ፤ ሰው እየጫነች።»

እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። ልጁ አሥራ አንድ ሰው አሳፍራ ገመዱን እየፈታች ነበር። ሞተሩ ተነሥቷል።

«አጥፊው!» አለ።

«አባ፣ ደግሞ ምን ሸተተህ?» ብላ ሳቀች፤ ተሳፋሪውም አብሯት ሳቀ። «ነፍሰ ጡር ይዣለሁ፣ ቀጠሮ አላት። ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው።»

የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። የሞተር በሽታ የሚያዳምጠው እንደዚያ ነው። እውነትም ደህና ይዘምራል። ከዝማሬው ሥር ግን ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማ፤ ከውሃውም ሥር ሌላ ነገር፣ ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ በአፍንጫው ሲስቅ። ፀጉሩ ቆመ። እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ወጣለት፦

«እናትሽን የገደላት ንፋስ አይደለም። እኔ ነኝ። ዚንኩን ቀብቼው ነበር። ይህም ተቀብቷል።»

ሳቁ ጠፋ። ልጁ ሞተሩን አጠፋች። ሰዎቹን አንድ በአንድ አወረደች፣ ነፍሰ ጡሯን ደግፋ በሌላ ጀልባ አሳፈረቻትና ተመልሳ ሞተሩን ከውሃ አነሣችው። በአዲሱ ቀለም ያብለጨልጫል። አውራ ጣቷን ሽፋኑ ላይ ጫን ስታደርገው እንደ ረጠበ ካርቶን ተበሳና ጣቷ ገባ። ጥቁር ውሃ ጫማዋ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ባሏ ማልቀስ ጀመረ። እሷ አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ወደ አባቷ ክፍል ሄደች፣ ጥቁሩን ዚንክ ከምስማሩ አወረደች፣ የብርጭቆ ወረቀት ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፋቀችው። አባቷ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ፣

«ተወው» አለችው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራ አስፈትተህ ሰቀልከው። አሁን ይሥራ።»

ሌላ ሞተር ሲገጠምላት ያንኑ ዚንክ፣ ነጭ ሆኖ፣ ራሷ አሰረችው። ከዚያ ወዲያ «አባ» ብላ አልጠራችውም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እየመጣች፣ ዚንኩን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እሱም አይቶ ይመልስላታል። ቃል አይለዋወጡም። ዚንኩ በየወሩ እየሳሳ ሄደ፤ እሱም ከዚንኩ ጋር የከሳ ይመስላል።

በሰባተኛው ወር የቀረችው የጥፍር ያህል ነበረች። ልጁ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት፣ የራሷን እጅም ከላይ አሳረፈች።

«በልቶ ጨረሰው፣ አባ» አለች።

ያን ለታ አለቀሰ፤ አላፈረምም።

ግድግዳው አሁን ደረቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ግን ጋሽ ዝገት በበሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ምስማር በጣቱ ይነካዋል። ጣቱን አፉ ላይ ያደርጋል። ምንም የለም።