ቲማቲም ይዤ ወደ ደባርቅ

ከእንፍራንዝ ልወጣ በዋዜማው ማታ ወንድሜ ሞላ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀመጠና "አያ፣ እውነት ልትሄድ ነው?" አለኝ። ልጄ ስንዱ ደባርቅ አስተማሪ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ "አባየ፣ ብቻህን ወድቀህ ትቀራለህ፣ ና እኔ ዘንድ" እያለች በስልክ ስትነዘንዘኝ ከረመች። እምቢ ስላት አለቀሰች። የልጅ ልቅሶ ደግሞ በስልክ ሲመጣ አይቻልም፤ እንባዋን አትጠርግላት ነገር።

"እሄዳለሁ፤ ግን እመለሳለሁ" አልኩና በጨርቅ የቋጠርኩትን የቲማቲም ዘር አሳየሁት። "ይኸ ደባርቅ ላይ ከጸደቀ እቀመጣለሁ፣ ካልጸደቀ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ብያታለሁ። እሷም እሺ ብላለች።"

ሞላ ሳቀ። "ደባርቅ ቲማቲም! ውርጩ ለገብሱስ መች ይራራል?"

"እሱን እኮ ነው የምልህ።"

ብልጠቴ ይኸው ነበር። ልጄን እምቢ አላልኩ፣ ቤቴንም አልተውኩ። በማግስቱ ማኪና ላይ ወጣሁ።

ጎንደርን አልፈን ዳባት ስንደርስ ብርዱ በመስኮት ገባ፤ ደባርቅ ስንወርድ ጥርሴ ይንገጫገጫል። እዚህ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስለሚጠቀለል ማንን ሰላም እንዳልኩ ሳላውቅ ነው የምውለው። እኛ ዘንድ ሰው ከሩቅ በአካሄዱ ይለያል። የገብስ እንጀራቸው ሸጋ ነው፣ አልዋሽም። ገበያ የሚመጣው ቲማቲም ግን እንደኔው መንገድ ያደከመው ነው።

አከራያችን እትየ ጠጂቱ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ያልሞተባት ሴት ናት። የዘይት ጀሪካን ቆርጬ፣ አፈር ሞልቼ፣ ማድቤቱ ግድግዳ ሥር ሙቀት ባለበት ዘሩን ስዘራ ቆማ አየችኝ። በቀለ። ሸጋ ሆኖ በቀለ! ቅር ቢለኝም "ግድ የለም፣ ውጭ ሲወጣ ያልቅለታል" አልኩ።

ቅጠል ሲያወጣ እኩሌታውን ጠዋት ግቢው መሀል አስቀምጬ ገበያ ዋልኩ። ስመለስ ቅጠሉ ነጥቶ፣ አንገቱ ተሰብሮ አገኘሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ መመለሻዬ ነዋ። አላለኝም። ዕድሜ ልኬን ችግኝ ሲሞት ቆሜ አላየሁም።

እትየ ጠጂቱ ጎንበስ ብላ አየችና "ምች ነው" አለች።

"ቲማቲም ምች ይመታዋል?"

"ከሞቀ ቤት አውጥተህ ቀትር ፀሐይ ላይ አስጥተኸው፣ ምች ያልመታው ምን ይምታው? ጨቅላ ልጅ እንዲህ ይወጣል?"

"ታዲያ ዳማከሴ ላሽለት?"

"እኔ ምን አውቄ፤ ገበሬው አንተ ነህ።"

ተናደድኩ። የተናደድኩት እውነቷን ስለሆነ ነው። እኛ እንፍራንዝ ችግኝ የምናፈላው ውጭ መደብ ላይ ነው፤ ፀሐዩንም ነፋሱንም ከተወለደ ጀምሮ ያውቀዋል። ቤት ውስጥ ያደገ ችግኝ እኔ መች አውቅና!

የቀሩትን እንደ ጨቅላ ያዝኳቸው። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ትንሽ አሙቄ ማስገባት፤ ቀጥሎ ጥላ ሥር ማዋል፤ እያደር ከነፋሱ ጋር ማስተዋወቅ፣ ውሃውንም ቀነስ ማድረግ። ሲመሽ ወደ ቤት። እትየ ጠጂቱ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀኛለች።

"አያ ይርጋ፣ ቤቱን ያከራየሁት ለሰው ነው።"

"እነዚህ ምን በሉሽ?"

"በሩን በከፈትክ ቁጥር ብርዱ ጉልበቴ ውስጥ ይገባል! ምነው አቅፈህ ታወጣቸዋለህ ደግሞ?"

"ጉልበትሽንም ፀሐይ አሙቂው።"

"ክርስትና ስታስነሣቸው ጥራኝ!"

አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ሳለሁ በረዶ ወረደ። እየሮጥኩ ብመጣ ግቢው ባዶ ነው። "አሮጊቷ ጣለችብኝ!" እያልኩ ስገባ ጀሪካኖቹ እሷ አልጋ ሥር ተደርድረዋል።

"መንገድ ዘግተውብኝ ነው" አለች፣ ፊቷን አዙራ።

ከዚያ ወዲህ ችግኞቹ ውጭ ማደር ለመዱ። ግንዳቸው ወፈረ፣ ቅጠላቸው ጠቆር አለ። አጥሩ ሥር ተከልኳቸው፤ ሲመሽ ሣር አለብሳቸዋለሁ። አንድ ጠዋት ተነሥቼ ባይ ውርጭ ወርዶ ግቢው ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። ሣሩን ገለጥኩ። ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ አዲስ ቅጠልም ጨምረዋል። ስንዱ "አባየ፣ ጸደቀ!" ብላ እልል አለች። እትየ ጠጂቱም ከውስጥ ሆና ተቀበለቻት።

ያን ዕለት ለሞላ ደወልኩ።

"አያ፣ እንዴት ሆነ? ደረቀልህ?"

"ጸደቀ።"

ከኋላው የሰፈራችን ሰው ሲጠራራ ይሰማኛል፤ ማን ማን እንደሆነ በድምፁ ለየሁት።

"እንግዲህ አትመጣም በለኛ?"

"ሞላ? ኧረ ሞላ? አይሰማኝም፣ ኔትወርኩ ነው መሰል" አልኩት።

ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።