በረዶው ለቆ የጠጠረው የቅርጫ ሥጋ

መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ። የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩና ድካም ነው ብዬ ጋቢ ደርቤ ተቀመጥኩ። ወዲያው ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ከአንድ ቀን በፊት፣ ሐሙስ ምሳ ላይ፣ ጥሬ ሥጋ በልቼ ነበር።

ሥጋው የመስቀል ቅርጫ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ እኛ ሰፈር፣ ተሰባስበን በሬ እናርድና እንካፈላለን። ፍሪዘር ያላቸው እትዬ ስንዱ ብቻ ስለሆኑ የተረፈውን ድርሻችንን እሳቸው ጋ እናስቀምጣለን። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሱ አበልጄ ናቸው፤ ከእናቴ ለይቼ አላያቸውም ነበር። ሐሙስ ዕለት ድንጋይ የመሰለ ሥጋዬን አውጥተው ሰጡኝና "በይ አምሮትሽን ተወጪ" አሉኝ። ጥሬ ሥጋ እንዳማረኝ ያውቃሉ። በረዶው እስኪለቅ ጠብቄ በሚጥሚጣ በላሁት።

ዓርብ ወደ ማምሻው ትኩሳቱ ባሰ። ውኃ እንኳ አልረጋ አለኝ። ተቅማጡ ደም ቀላቀለ። ባለቤቴ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ፅንሱ አልንቀሳቀስ አለ። ሐኪሙ የልቡን ምት ፈለገ። ቆየ። አገኘው።

ግሉኮስ ተተከለልኝ፤ የሰገራ ምርመራ ታዘዘ። ሐኪሙ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ እንደጠረጠረ ነገረንና "ሥጋው በመሀል ቀልጦ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። እትዬ ስንዱ ሊጠይቁኝ መጥተው አጠገቤ ቆመዋል።

"ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ዋለ፣ አደረም" አሉ ቀስ ብለው። "ረቡዕ ለስልሶ አገኘሁት። ጾም ነው፣ ሥጋ ማን ይነካል? መብራቱ ሲመጣ መልሶ ጠጠረ፤ ደህና መሰለኝ።"

"እርስዎስ በሉት?" አላቸው ሐኪሙ።

"የኔንማ አብስዬ ነው የበላሁት።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሕክምናው ሠርቶልኝ፣ እህቴ የአጥሚት ብርጭቆ ከእጄ ሳትለይ፣ ቀስ በቀስ አቅሜ ተመለሰ፤ ልጄም ቀኗን ጠብቃ ተወለደች። ሐኪሙንና ነርሶቹን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እርጉዝ ከሆናችሁ አምሮት ቢገድላችሁም ጥሬ አትብሉ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ በረዶ ጀርሙን አይገድለውም፣ ያስተኛዋል እንጂ፤ ሥጋው ሲሞቅ ይባዛል፣ መልሶ ቢጠጥርም ያው እዚያው አለ። ስለዚህ ሥጋችሁን ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ በረዶውን ለማስለቀቅ ከፍሪዘሩ አውጥታችሁ ታችኛው ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ በደንብ አብስሉት። መብራት ጠፍቶ ለስልሶ ሙቀት ላይ የቆየውን መልሳችሁ አታስገቡ፣ ጣሉት። ለሰው ካስቀመጣችሁም የሆነውን ንገሩት።

መብራቱን እትዬ ስንዱ አላጠፉትም፤ ለዚያ አልወቅሳቸውም። ግን ለራሳቸው የጠረጠሩትን ለእኔ አልነገሩኝም። ይህችን ልጄን ክርስትና ያነሳቻት እህቴ ናት። ንስሐ አባቴ ይቅር በያቸው ይሉኛል፤ እሺ እላለሁ፣ ልቤ ግን እስካሁን እምቢ ብሎኛል።