ስክሪኑ ላይ የቀረው አውራ ጣት

ዛሬ አሶሳ በተካሄደ የምርምር ጉባኤ ላይ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ስለ አዲስ የስኳር በሽታ መድኃኒት ምርምሩ ሲያስረዳ፣ ስክሪኑ ላይ የማውቀውን አውራ ጣት አየሁ።

የመንጌ ከተማዋ የባህል መድኃኒት አዋቂ የእማማ ሐዋ ጣት ነው። ለስኳር በሽታ የሚሰጡትን ቅጠል ይዘው የተነሱት ፎቶ ተቆርጦ፣ ከእሳቸው የቀረው ያ ብቻ ነው።

ካቻምና ተማሪዬን ወደ እሳቸው የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቅጠሉን ለማያውቁት ሰው አያሳዩም። «መምህር፣ ዋሱ አንተ ከሆንክ አሳየዋለሁ። ግን ስሜን ይናገር፤ ውጤቱንም መጥቶ ይንገረኝ» አሉ። እሱም እሺ ብሎ ቃል ገባ።

ዛሬ «ቅጠሉን በመስክ ጥናት ያገኘነው እኛ ነን» አለ።

ሥራው ግሩም ነው። በቅጠሉ ጭማቂ በዓይን የማይታዩ የብር ቅንጣቶች ሠርተው፣ የአይጦችን ስኳር ዝቅ አድርገዋል። እኔም የስኳር ታማሚ ስለሆንኩ ጓጉቼ ነበር የሄድኩት።

ሲጨርስ ጠጋ ብዬ «እማማ ሐዋስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ስላይዱ ላይ ቦታ ጠፍቶ ነው» አለኝ።

ሻይ ያቀረበው ሆቴል ግን ሁለት ጊዜ ተመስግኗል።

ለሰው ዋስ ሆናችሁ አፍራችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ላመናችሁ ሰው እንዴት አድርጋችሁ እንደነገራችሁት ጻፉልኝ። እኔ ነገ ጠዋት መንጌ እሄዳለሁ።