ወንድሜ ያልጨረሰው ድረ ገጽ

የመጨረሻው ደህና ቀን ሐምሌ ውስጥ ነበር። ወረታ ላይ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ታላቅ ወንድሜ በሩዝ መፈልፈያችን ቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ የድርጅታችንን ድረ ገጽ ያድስ ነበር። የድሮው አርጅቷል፤ በስልክ አይነበብም። ግን ሰው ኢንተርኔት ላይ «የፎገራ ሩዝ» ብሎ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። የሩቅ ገዥ ሁሉ የሚያገኘን በዚያ ነው።

«አፍርሰህ እንደ አዲስ አትሠራውም?» አልሁት።

«የኢንተርኔቱ መፈለጊያ በለመደው አድራሻ መጥቶ ካጣን ሌላውን ሻጭ በላያችን ያስቀምጣል። ከየአሮጌው ገጽ ወደ አዲሱ የሚያደርስ መንገድ እየሠራሁ ነው።»

አባታችን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ለአንድ ጎጆ ስንት መንገድ ነው የምትጠርግ?»

«የኔው ጭቃ የለበትም፣ አባባ» ብሎ ሳቀ።

ቀትር ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ለአዲሱ ገጽ የማሳውን ፎቶ ሊያነሣ ሞተር ሳይክሉን አስነሣ። ከብቶቹ ከሜዳው ወደ አስፋልቱ ይወጡ ነበር። የሚነዳቸው ሰው አልነበረም። የርብ ወንዝ ውሃ እየቀረበ ነው አልሁት። እሱ የመለሰልኝ ስለ ገጹ ነው። «እስክመለስ እንዳትነካው፤ ግማሹ ይቀራል።»

ርብ ሞልቶ ሜዳው ላይ ወጣ። አመሻሽ ላይ ሰዎች በታንኳ ፈልገው አገኙት። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ተተከለ። አጎቴ የመፈልፈያውን በር ቆልፈው ወደ እኔ መጡ።

«ያን የኢንተርኔቱንም ዝጋው። ወንድምህ ሳይቀበር ገበያ አይከፈትም።»

«አጎቴ፣ እሱ ከተዘጋ...»

«ሱቅ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እንግዲያ ዝጋዋ።»

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁ። እንዴት እንደሚዘጋ አውቃለሁ። እጄ ግን አልሄደልኝም። መፈለጊያው ለቅሶ አያውቅም። መጥቶ ባዶ ቤት ካገኘ ይሄዳል፤ ወንድሜ ስንት ዓመት የለፋበት ቦታ ለሌላ ይሆናል። አሮጌዎቹን ገጾች በነበሩበት ተውኋቸው። አዲሱንም አልከፈትሁትም። ከገጹ አናት ላይ ብቻ «ሐዘን ላይ ነን፤ ለጊዜው ሩዝ አንሸጥም» ብዬ ጻፍሁ።

አጎቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት።

«ይሁን» አሉ።

ከጽሑፉ ሥር ያለው ስልክ ቁጥር የወንድሜ ነው። ስልኩ ከእሱ ጋር ውሃ ገብቷል፤ የሚደውል ሰው አያገኘውም። ቁጥሩን አጥፍቼ የራሴን ጻፍሁ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ወጣሁ።