የአጥር ማዶ ንቦች

ሰበታ ከተማ ወደምሸጥበት የእርሻ መድኃኒት ሱቅ አንድ አዛውንት ዛሬ ለሦስተኛ ቀን መጡ። ዝናብ የለም፤ እሳቸው ግን ቦቲ አድርገዋል። እንደ ልማዳቸው ተባይ የወረረው፣ ያበበ የኮክ ቅርንጫፍ ከኮታቸው ስር አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። የሰጠኋቸውን የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ አገላብጠው አገላብጠው መለሱልኝ።

«ንብ የማይነካ የለሽም?»

«አባባ፣ ነገርኩዎት እኮ! ሲመሽ ይርጩ። አስቀድመው ግን ቀፎውን እንዲዘጋ ለባለ ንቡ ይንገሩት።»

«ሳይነግሩት የሚረጭስ?»

ግራ ገባኝ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሰምቼም አላውቅ።

«ባለ ንቡ ማነው?» አልኳቸው።

ቅርንጫፉን ቀስ ብለው ወደ ኮታቸው መለሱ።

«ወንድሜ ነው። ከተኳረፍን ዘጠኝ ዓመታችን። ንቦቹ ግን አንድም ቀን ከግቢዬ ቀርተው አያውቁም።»